የቅጠሉ ሌላኛው ግማሽ

ቅጠሉ ገጠመ።

ዳኛው ያየውን ለማመን ፈራና እንደገና አነሳው፤ እንደገናም አስጠጋው። ከትንሿ የወረቀት ፖስታ የወጣው ግማሽ ቅጠል፣ ካርቶን ላይ ተጣብቆ ከደረቀው ባለ ነጭ አበባ ቅርንጫፍ ላይ ከቀረው ግማሽ ጋር ጅማት በጅማት ተያያዘ። አባጨጓሬ የበላት አንዲት ቀዳዳ እንኳ ግማሿ እዚህ፣ ግማሿ እዚያ ነበረች። ሁለቱ ሲገናኙ ክብ ሆነች።

"ገጠመ እንዴ?" አለች እታለም ከመደርደሪያዎቹ መሐል ብቅ ብላ። እታለም የደረቁ ዕፅዋት ክፍል ኃላፊ ናት። ከፕሮፌሰሩ እስከ ዘበኛው ሁሉም እታለም ይላታል፤ እሷም ሁሉንም እንደ ታናሽ ወንድሟ ትቆጣለች።

"ገጠመ።"

"ታዲያ ምነው? የጠፋበትን ያገኘ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው? ከቀብር የተመለስክ መሰልክ እኮ።"

"እታለም፣ አልተሳሳተችም። ፌንጣ አልተሳሳተችም።"

እታለም መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ ትክ ብላ አየችው። "ይኼን ለማወቅ" አለች ቀስ ብላ "ደረጃ መውረድ ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ካርቶኑ እንደሆነ ከመጣ ጀምሮ እዚሁ ነው። አልተሰደደ፣ አልተሰወረ።"

ዳኛው ሁለቱን ግማሾች እንዳስጠጋ ቆመ። ደረቱ ውስጥ አንድ በር ተከፈተ፤ ወዲያው ደግሞ ነፋስ እንደመታው ተመልሶ ሲዘጋ ተሰማው።

*

ዳኛው የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ሁለት ሰዎች በማይክሮስኮፕ ተራ ሲጣሉ የሁለቱንም ሳይሰማ ቃል አይወጣውም። "ዝንብና ሸረሪት ቢካሰሱበት ለዝንቧ ጠበቃ፣ ለሸረሪቱ ቀጠሮ ይሰጣል" እያሉ ይስቁበታል። እሱም ይስቃል፤ ስሙን ግን በልቡ ይወደው ነበር።

ሥራው ቅጠል ማንበብ ነው። ከከተማው ርቆ ባለው ተራራ ላይ የሚያብቡ አምስት እህትማማች የአበባ ዝርያዎች አሉ። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውና ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራው ክሎሮፕላስት የሚባለው ደቃቅ አካል የራሱ የሆነ ዲ ኤን ኤ አለው፤ እንደ ቀለበት የተጠመጠመ፣ መቶ ሃምሳ ሺህ ያህል ፊደል ያለው። ዳኛው የአምስቱን ዝርያዎች ቀለበት ፈትቶ ጎን ለጎን ያስተኛል። የቱ ፊደል የት ላይ እንደተለወጠ እያየ ማን ከማን ጋር እንደሚቀራረብ፣ ማን ቀድሞ እንደተለየ ይፈልጋል። ይህ ቀለበት በአብዛኞቹ የአበባ ተክሎች ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው። አባት የአበባ ብናኙን ሰጥቶ ይሄዳል፤ አረንጓዴው የእናት ነው።

ቅጠሎቹን የምትልክለት ፌንጣ ነበረች። የተራራው ጣቢያ ሰብሳቢ ናት። ከድንጋይ ድንጋይ ስትዘል ያዩ የጣቢያው ሰዎች እንዲህ ብለው ጠሯት። መጀመሪያ የተገናኙ ዕለት ዳኛው ገደሉ ላይ በአራት እግሩ ሲድህ፣ ጓደኞቹ ሲጠሩት የሰማችውን ስም ይዛ ከላይ ሆና ጮኸችበት። "ዳኛው! እዚህ ችሎት የለም፤ ዝለል!"

ዘለለ። እግሩ መሬት ያዘ፤ ልቡ ግን እስከዛሬ አላረፈም።

ፌንጣ ከሌሎች ሰብሳቢዎች የምትለይበት አንድ ልማድ ነበራት። ለናሙና የምትወስደውን ቅጠል ሙሉውን አትቆርጥም። በቁመቱ ለሁለት ትቀደውና ግማሹን እርጥበት ከሚመጥ ጠጠር ጋር ፖስታ ውስጥ ታሽገዋለች። ሌላውን ግማሽ ከነቅርንጫፉ፣ ከነአበባው ተጭኖ እንዲደርቅ ለእታለም ትልካለች። "ስትጠራጠሩ ግጠሙት" ትል ነበር። በየፖስታው ጀርባ ደግሞ ለዳኛው አንዲት መስመር ትጽፍለታለች። "ይህችን የቀደድኳት ጉም ውስጥ ቆሜ ነው። እጄ እንኳ አልታየኝም፤ አንተ ግን ታየኸኝ።" ሌላ ጊዜ ደግሞ "ጉንፋን ይዞኛል፤ ፖስታውን ስትከፍት ራቅ በል።" ዳኛው ከቅጠሉ ጫፍ ለንባብ የሚበቃውን ቆርጦ ይፈጫል፤ የተረፈውን ከነፖስታው ግን አንድም ቀን አልጣለም።

እታለም ረዳት እንዲቀጠርላት ተፈቅዶ ነበር። ቦታው ለፌንጣ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ከተማ ከመጣች፣ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ስትተኩስ ዓይኗ ከደከመባት እናቷ ጋር ትኖራለች፤ ከዳኛው ጋር ደግሞ ይጋባሉ። የቀረው የዚያ ዙር ናሙናዎች ንባብ ብቻ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በአንዲት ነጭ አበባ ነው። ፖስታው ላይ "ነጭ፣ ከገደሉ ጫፍ" ይላል። የክሎሮፕላስቱ ቀለበት ሲነበብ ግን ፊደል ሳይጎድል፣ ፊደል ሳይጨመር፣ የወንዝ ዳሯ ቢጫ አበባ ሆኖ ተገኘ። ዳኛው ደጋግሞ አነበበው። ያው ነው።

ስልኩን አንስቶ ነበር። ጣቱ ቁጥሯ ላይ ደርሶ ቆመ። "ፍቅረኛው ስለሆነች ሊያድናት ደወለላት ይባላል" ብሎ አሰበ። "ከእሷ አፍ የሰማሁትን ብጽፍ፣ ይኼ ምስክርነት ነው ወይስ ማድላት?" ስልኩን አስቀመጠና የማያዳላ ሰው ይጽፋል ብሎ ያሰበውን ጻፈ። "ናሙናው ሲሰበሰብ ሳይቀያየር አልቀረም፤ ከሰብሳቢዋ የመጡት ሌሎች ናሙናዎችም ሊመረመሩ ይገባል።"

ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከዚያ በኋላ የመጡት ፖስታዎች ቁጥርና ቀን ብቻ ነበረባቸው። ጀርባቸውን ሲያገላብጥ ነጭ ወረቀት ብቻ ያፈጥበታል። እሱም ጥፋተኛ ናት ብሎ ባያምንም፣ ንጹሕ ናት የሚል ማስረጃ እስኪያገኝ ዝም አለ። ያ ዝምታ ሲረዝም ምን እንደሚመስል ከተራራው ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው እንዳለ አላሰበም።

ዛሬ ጠዋት የዚያችው ነጭ አበባ የሌላው ዲ ኤን ኤ ንባብ መጣ፤ ከእናትም ከአባትም የሚወረሰው፣ የሕዋሱ እምብርት ውስጥ ያለው። ከላይ እስከ ታች ነጭ ነች። አረንጓዴዋ ብቻ ነው የቢጫዋ። ያኔ ነው ደረጃውን እየሮጠ የወረደው።

*

ፕሮፌሰሩ ውጤቱን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሱ። "ይህማ ግሩም ነገር ነው! ድሮ፣ ከስንት ትውልድ በፊት፣ የነጯ ብናኝ ቢጫዋ ላይ አርፎ ነበር ማለት ነው። ልጆቿ መልሰው ከነጭ ጋር ሲዳቀሉ፣ የልጅ ልጆቿም ከነጭ ጋር ሲዳቀሉ ሌላው ሁሉ ነጭ ሆነ። የመጀመሪያዋ እናት አረንጓዴ ብቻ ቀረ። ከጽሑፋችን ሁሉ ዋናው ይህ ነው የሚሆነው!"

"ሰብሳቢዋስ?"

"ስሟ ከእኛ ስም ጋር ይግባ። ይገባታል።"

"የሥራ ቦታውስ?"

ፕሮፌሰሩ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። "ልጄ፣ የተቀጠረው ሰው ቤተሰቡን ጠቅልሎ መጥቷል። ዛሬ ጠርቼ ውጣ ልበለው? ምን አጥፍቶ?"

"ምንም አላጠፋም" አለ ዳኛው።

ያን ቃል ሲናገር እውነት እንደሆነ ያውቅ ነበር። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት መናገሩ አፉን መረረው።

*

ፌንጣ ከተራራው ወርዳ እናቷ ዘንድ እንዳለች እታለም ነግራው ነበር፤ ወደ ላውንደሪው የሚወስደው መንገድ በእናቱ የጨርቅ መደብር በኩል ያልፋል። ሊያልፍ አስቦ እግሩ አስገባው።

"እማዬ፣ ልጅቷ አልተሳሳተችም።"

እናቱ ሜትሩን ጨርቁ ላይ እንደዘረጋች ቀና አለች። "እኔ መቼ ተሳሳተች አልኩ? እኔ ስለ ቅጠል ምን አውቄ?"

"አትሆንህም ብለሽ አልነበር?"

"ብያለሁ። እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ይባላል። እናቷን አይቻታለሁ። አክስትህ ቤት እየመጣች የኔን የሠርግ አንሶላዎች የተኮሰችው እሷ ናት። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ አላየችንም።" መቀሱን አነሳች፤ ግን አልቆረጠችም። "ንቄያት እንዳይመስልህ። ልጇ እኔ ቤት ገብታ፣ እኔን ባየች ቁጥር አንገቷን ስትደፋ እያየሁ መኖሬን ነው የፈራሁት። እኔም አልችለው፣ እሷም አትችለው።"

"ፌንጣ አንገት አትደፋም። አታውቂያትም።"

"አላውቃትም። ስለማላውቃት ነው እናቷን ያየሁት።" እናቱ መቀሱን አስቀመጠችና ዓይን ዓይኑን አየችው። "አንተ ታውቃታለህ። እኔ ልጅቷን አልፈልግም አልኩ እንጂ ልጅቷ ታምታታለች ብዬ አልጻፍኩም። ያን ያልከው አንተ ነህ የኔ ልጅ።"

ዳኛው ወደ በሩ ዞረ። ከእናቱ ጋር ለመከራከር ስንት ወር የሰበሰበው ቃል ሁሉ አንድ በአንድ ሲከዳው ተሰማው።

*

የላውንደሪው ክፍል በእንፋሎት ተሞልቶ ነበር። ካውያው እፍፍ ባለ ቁጥር መስኮቱ ያልበዋል። የፌንጣ እናት ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆማ በዓይኗ ሳይሆን በመዳፏ እየዳሰሰች ትተኩሳለች። ፌንጣ ከታጠበው ክምር ፊት ለፊት ቆማ ነበር። አንድ የጉዞ ሻንጣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

ዳኛው በሩ ላይ ቆመ።

"ገጠመ" አለ።

"ምኑ?"

"ቅጠሉ። ግማሹ ከግማሹ።"

"ይገጥማላ" አለች ፌንጣ። "የቀደድኩት እኮ እኔ ነኝ።"

እናቷ ካውያውን ሳታቆም "ማን ነው?" አለች።

"ከላቦራቶሪው ነው እማ።"

"ዳኛው?"

መልስ ሳትጠብቅ ወደ እሱ ድምፅ ዞረች። "በል ልጄ፣ እጅ ካለህ አንሶላውን ያዝላት። ለብቻዋ መሬት ለመሬት እየጎተተችው ነው። ነገ በጠዋት ነው መኪናችን፤ ይህንን ሳልጨርስ አልሄድም።"

"የት ነው የምትሄዱት?" አለ ዳኛው።

ፌንጣ የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ሰጠችው። "ከተራራው ማዶ አዲስ ጣቢያ ተከፍቷል። ቋሚ ሥራ ነው፤ ቤትም አለው። እማን ይዣት እሄዳለሁ።"

ወደ ኋላ ራቁ፤ ጨርቁ ተወጠረ። ጫፍ ከጫፍ ለማገናኘት ተጠጉ። ጣቷ ጣቱን ነካው፤ ትኩስ ነበር። እሱ ጎንበስ ብሎ የታጠፈውን የአንሶላ ወገብ አነሳ፤ እንደገና ራቁ። እንዲህ እየተጠጉና እየራቁ ነገራት። ስለ ነጯ ብናኝ፣ ስለ ቢጫዋ እናት፣ ሁሉ ነገር ሲለወጥ ሳይለወጥ ስለቀረው አረንጓዴ ነገራት። እየሰማች ዓይኗ ቀስ በቀስ በራ።

"ያቺ ነች? ከምንጩ በላይ፣ ከገደሉ ጫፍ ዘመም ብላ የበቀለችው?"

"እሷው ነች።"

"እኔ እኮ አንድ ነገር አላት ብዬ ነበር!" ብላ ሳቀች። እንደ ድሮው፣ ከገደል ላይ እንደምትስቀው። ዳኛው ያ ሳቅ ውስጥ ገብቶ በሩን ከውስጥ ቢዘጋ ተመኘ። ሳቋን ግን መሐል ላይ ገታችው።

"ጎበዝ ነህ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ግሩም ሥራ ነው።"

"ፌንጣዬ፣ ይቅር በይኝ። ጽሑፉ ላይ ስምሽ ይኖራል። ስህተቱን ራሴ አርማለሁ፤ ለሁሉም እናገራለሁ።"

"ተናገር። ለሥራው ይጠቅማል።"

"ላንቺስ?"

አንሶላውን ወጠረችው። "እናትህ እናቴን አይታ ፈረደችብኝ። አልተቀየምኳትም፤ አታውቀኝም። አንተ ደግሞ የቅጠሏን እናት አይተህ ፈረድክብኝ።" ጨርቁን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። "አንተ ግን ታውቀኛለህ።"

"አደላላት እንዳይሉ ብዬ ነው። አንቺን ስለምወድ..."

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። አትዋሸኝም፤ መዋሸት አትችልም። ፖስታውን የላከችው የማታውቃት ሴት ብትሆን ኖሮ፣ ደውለህ 'ቅጠሉን ከየት ቆረጥሽው?' ትላት ነበር?"

ዳኛው የአንሶላውን ጫፍ አየ። "እላት ነበር።"

"አየህ?" አለች። "እኔን የጎዳኝ መወደዴ ነው።"

ካውያው እፍ አለ። እናትየው አንገቷን ደፍታ ትተኩሳለች። ዳኛው ያኔ ነው ያስተዋለው፤ የምትደፋው ላለመስማት ነበር። ሰው ቤት ውስጥ የሰዎችን ገመና ላለመስማት፣ ላለማየት ዕድሜ ልኳን የተማረችው ጨዋነት ነበር። እናቱ ያየችውን አይታ ይህን አላየችም።

"እንጋባ" አለ ድንገት። "ነገ አትሂጂ። እማዬን አሳምናታለሁ።"

"ታሳምናት ይሆናል። እኔን በምን ታሳምነኛለህ?" ተጠጋች። አሁን በመሐላቸው የቀረው የአንድ ክንድ ጨርቅ ብቻ ነበር። "ነገ ሌላ ቀን ይመጣል። ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ንባብ፣ ሌላ ሰው ይመጣና ስለ እኔ ክፉ ይነግርሃል። ያን ቀን መጀመሪያ እኔን ትጠይቀኛለህ? ወይስ ሚስትህ ስለሆንኩ ይብስብኛል?"

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ማንም ሰው ይል ነበር፤ ፍቅር የያዘው ሰው ሁሉ ሳያስብ ይል ነበር። ዳኛው ግን ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ስለሆነ እውነተኛ መልስ ፈለገለት። ራሱን መረመረ። ያ ስልክ ላይ ቆሞ የቀረው ጣት ዛሬም የእሱው ጣት ነው። ልማዱን ይለውጠው ይሆን? ይለውጠዋል። መለወጥ ይችላል፤ እርግጠኛ ነው፤ እርግጠኛ ነው ማለት ይቻላል...

ቀና ሲል መልሱን አገኘ። ፌንጣ ግን እየጠበቀችው አልነበረም። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ በርኅራኄ፣ በተራራ ላይ መንገድ የጠፋበትን ሰው እንደምታይ ታየው ነበር።

"አዎ" አለ። "አዎ፣ ፌንጣዬ፤ አንቺን ነው የምጠይቀው።"

"አውቃለሁ" አለች። "እያመዛዘንከው ነበር።"

አንሶላውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ከኪሱ ፖስታውን አወጣ። የምትቀበለው ነገር ቢኖር ብሎ ዘረጋላት። ከፈተችው፤ ግማሹን ቅጠል በጣቷ ጫፍ ዳሰሰችው። ከዚያ መልሳ አጥፋ ከነጠጠሩ እጁ ላይ አኖረችለትና መዳፉን በሁለት እጇ ዘጋችው።

"ለእታለም መልሰው። ሌላ ሰው ሲጠራጠር የሚገጥመው ይፈልጋል።"

"በቃ ልጆች" አለች እናትየው ከጠረጴዛው ጫፍ። "ይኼ የመጨረሻው አንሶላ ነው።"

ፌንጣ እሱን ከክምሩ አነሳች። ሁለቱን ጫፍ ሰጠችው፤ ፖስታውን ኪሱ መልሶ ተቀበላት። ራቁ፤ ወጠሩት። ተጠጉ፤ ጣቷ ጣቱን ነካው። ጎንበስ ብሎ የአንሶላውን ወገብ አነሳ፤ ራቁ፤ ተጠጉ። በዘገየ ቁጥር ጨርቁ ያጥራል። በፈጠነም ቁጥር ያጥራል። በመጨረሻ ጫፎቹን ከእጁ ስትወስድ የሚያነሳው እጥፋት አልነበረም። አንሶላው ትራስ የሚያህል ሆኖ ደረቷ ላይ አረፈ። ይዛው ዞረች፤ ወደ እናቷም ሄደች።

ዳኛው በእንፋሎቱ መሐል ሁለት እጁን ወደፊት እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ። ጣቶቹ አሁንም ሁለት ጫፍ እንደያዙ ተጨብጠው ነበር፤ ሊዘረጋቸው ሞከረ፤ እምቢ አሉት።